የዚዳን ማልያ በጎንደር ገበያ፦ የትኛው ልክ ነው፣ የትኛው ተሳስቶ ተሠርቷል?

ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ እስከ አራዳ ካሉት የስፖርት ልብስ ቤቶች አንዱ ጋ ገብታችሁ «ዚዳን አለ?» ብትሉ መልሱ ብዙ ጊዜ «ሞልቷል» ነው። ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ጥቁርና ነጭ ሸንተረር ያለው ማልያ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። የሁሉም ጀርባ ላይ ያለው ስም አንድ ነው። ፈረንሳዊው ተጫዋች ዚነዲን ዚዳን በእርግጥ ለብሶት የተጫወተበት ማልያ ግን ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቱ ነው። «ሪትሮ» የሚባለው የድሮ ሞዴል ማልያ ዋጋው ያለው ታሪኩ ላይ ስለሆነ፣ ዓመቱና አርማው ካልተስማሙ የተገዛው ተራ ቲሸርት ነው።

እዚህ የምንገመግመው በብዛት የሚገኙትን አራቱን ነው፦ የፈረንሳይን የ1998 ሰማያዊ፣ የጁቬንቱስን 21 ቁጥር፣ የሪያል ማድሪድን 5 ቁጥር እና የፈረንሳይን የ2006 ነጭ። (የጨዋታዎቹ ቀንና ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁሉም በአሮጌው ሞዴል አዲስ የተሰፉ ቅጂዎች ናቸው፤ ሻጩ «ኦርጅናል» ቢልም ይህ አይለወጥም። በዚያን ጊዜ የተመረተ እውነተኛ ማልያ የሚገኝ ከሆነ ከሳልባጅ ክምር ውስጥ ነው፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ ዕድልና ትዕግሥት ይፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ሰማያዊው ነው። ሐምሌ 12 ቀን 1998 ሳን ዴኒ በሚገኘው ስታድ ደ ፍራንስ ፈረንሳይ ብራዚልን 3 ለ 0 ስታሸንፍ ዚዳን ሁለቱን ጎል ያስቆጠረው በዚህ ማልያ ነው። ሁለቱም ከማዕዘን ምት በግንባር የገቡ ናቸው፦ አንዱ በ27ኛው ደቂቃ ፔቲ ካሻማው፣ ሌላው የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ጆርካኤፍ ካሻማው። በግንባር ጎል እምብዛም የማይታወቅ ተጫዋች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜን በግንባሩ መጨረሱ አሁንም ድረስ ያስደንቃል። በዚያው ውድድር ከሳውዲ ዓረቢያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ቀይ ካርድ አይቶ ሁለት ጨዋታ አምልጦት እንደነበርም አይዘነጋም።

ማልያው በመሠረቱ ሰማያዊ ነው፤ ደረቱ ላይ ወፍራም ቀይ አግድም መስመር፣ ከሥሩ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች፣ ትከሻው ላይ የአዲዳስ ሦስት ነጭ መስመሮች አሉት። መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ከአውራ ዶሮው አርማ በላይ ያለውን ቦታ ነው። ኮከብ ካለ ማልያው የ1998 ዓለም ዋንጫ አይደለም፤ ኮከቡ የመጣው ዋንጫው ከተገኘ በኋላ ነውና። አንድ ኮከብ ያለው ሰማያዊ ማልያ ለ2000ው የአውሮፓ ዋንጫ ሊሆን ይችላል። እሱም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ ዚዳን በግማሽ ፍጻሜው ፖርቱጋልን በተጨማሪ ሰዓት በፍጹም ቅጣት ምት የጣለበት ውድድር ነው። ሁለት ኮከብ ካለ ግን ንድፉ ከ2018 ወዲህ የተቀዳ ነው። የናይኪ ምልክት ያለበት የፈረንሳይ ማልያ ላይ «ዚዳን 10» ከተጻፈም አትግዙ። ናይኪ የፈረንሳይን ብሔራዊ ቡድን ማልበስ የጀመረው በ2011 ነው፣ ዚዳን ጫማውን የሰቀለው በ2006።

የጨርቁ ነገር ከሱቅ ሱቅ በጣም ይለያያል። የተሻለው ቅጂ ወፈር ያለ ፖሊስተር ነው፤ በብርሃን ፊት ስታነሱት የእጃችሁ ጥላ በደብዛዛው እንጂ ጣት በጣት አይታይም። ርካሹ ስስና አንጸባራቂ ስለሆነ ላብ ሲነካው ገላ ላይ ይለጠፋል። ቀዩ መስመር ከተለየ ጨርቅ የተሰፋ ወይም ክሩ ከመጀመሪያው ቀይ የተነከረ ከሆነ ጥሩ ነው። ላዩ ላይ ብቻ የታተመ ከሆነ ግን ማልያውን ገልብጡት፦ በውስጥ በኩል ነጣ ያለ ወይም የደበዘዘ ቀይ ታያላችሁ። ይኸኛው ሲለጠጥ ይሰነጠቃል። ሌላው ቀላል ፈተና እርጥብ ሶፍት ነው። ሶፍቱን በውኃ ነክራችሁ ቀዩ መስመር ላይ ዐሥር ጊዜ ያህል እሹት፤ ሶፍቱ ከቀላ በመጀመሪያው እጥበት ነጮቹ መስመሮች ሮዝ ይሆናሉ። ሻጩ ይህን ከከለከለ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ። ብዙ ቤት «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ስለተለጠፈ ፍተሻው ሁሉ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ማለቅ አለበት።

ሰማያዊውን የሚያበላሸው ግን ከሁሉ በላይ የቁጥሩ ኅትመት ነው። ብዙ ማልያ ባዶውን ይመጣና ስምና ቁጥሩ እዚሁ ከተማ በሙቀት ፕሬስ (በጋለ ሳህን ተጭኖ በሚያትም ማሽን) ይታተማል። ፖሊስተር የተነከረበት ቀለም ሙቀት ሲበዛበት ይተንና ላዩ ላይ ወዳለው ነጭ ቪኒል (ቁጥሩ ወደተቆረጠበት ስስ ፕላስቲክ) ይገባል። ለዚህ ነው ከማተሚያ ቤት በረዶ መስሎ የወጣው 10 ቁጥር ከሳምንት በኋላ ሰማያዊማ ሆኖ የሚገኘው። ብዙ ደንበኛ ጥፋቱን በሳሙና ላይ ይጥላል፤ ጥፋቱ ግን ፕሬሱ ላይ ያለቀ ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው በ130 ዲግሪ አካባቢ የሚለጠፍ ዝቅተኛ ሙቀት ቪኒል መጠቀም ነው። ሁለተኛው ከነጩ ሥር ቀለም የሚያግድ ግራጫ ሽፋን ያለው ቪኒል ነው፤ ጀርባውን ገልብጣችሁ ስታዩት ነጭ ሳይሆን ግራጫ ወይም ብርማ ነው። ተራውን ቪኒል በ160 ዲግሪ ለ20 ሰከንድ መጫን ለጥጥ ቲሸርት ያስኬዳል፣ ለማልያ ግን አይሆንም።

ማተሚያው ቤት ስትቆሙ አሠራሩን ተከታተሉ። መጀመሪያ ማልያው ብቻውን ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይጫናል፤ እርጥበቱ የሚወጣውና ጨርቁ የሚተኛው በዚህ ነው። ቀጥሎ ፊደሉ ይደረደራል፣ ላዩ ላይ ሙቀት የሚችለው የቴፍሎን ጨርቅ ይነጠፋል፣ ለ10 ወይም ለ15 ሰከንድ ይጫናል። ተሸካሚው ላስቲክ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅና ቀስ ተብሎ በአግድም ይላጣል፤ በትኩሱ የሚላጥ ዓይነት ከሆነ ቪኒሉ ላይ የተጻፈውን መከተል ነው። በመጨረሻ በድጋሚ ለ3 ሰከንድ ይጫናል። ይህቺን የመጨረሻዋን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ የቁጥሩ ጠርዝ በአንድ ወር ውስጥ የሚነሣው በዚህ የተነሣ ነው። የኮሌታው ስፌት ወይም ቁልፉ ከፕሬሱ ሥር ከገባ ደግሞ ሳህኑ ከፍ ስለሚል ስሙ በአንድ ወገን ብቻ ይለጠፋል። ጥንቁቅ ባለሙያ ማልያው ውስጥ ስፖንጅ ይከትና ስፌቱን ከሳህኑ ውጭ ያሳድራል። መብራት ጠፍቶ ከመጣ የፕሬሱ ሙቀት ወደነበረበት እስኪመለስ መጠበቅ አለበት። ወረፋ ሲበዛ ይህ ይዘለላል። በተለይ ጥር 11 ሲቃረብ ማተሚያ ቤቶቹ ለጥምቀት በሚታተሙ የማኅበርና የሰፈር ቲሸርቶች ስለሚጨናነቁ ለአንድ ማልያ የሚበቃ ትኩረት አይኖርም። ከበዓሉ በኋላ መሄድ ይሻላል።

ልኩም ቢሆን ሕግ አለው። ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የጀርባ ቁጥር ቁመት ከ25 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር፣ የፊት ለፊቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የስሙ ፊደል ከ7.5 አይበልጥም። ለአዋቂ ማልያ 25 ወይም 26 ሳንቲ ሜትር አድርጉት። የ1998ቱ ማልያ ፊት ለፊቱም ላይ ቁጥር እንዳለው አትርሱ፤ ጀርባውን ብቻ አትመው የሚሰጡ አሉ። የስሙን አጻጻፍም ከፕሬሱ በፊት በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። በላቲን ፊደል ስድስት ፊደል ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኢ» ስለማትነበብ ብዙ ጊዜ ተዘልላ ትታተማለች። አንዴ ከተጫነ ደግሞ ጨርቁን ሳይጎዱ ማንሣት ከባድ ነው።

ገበያው ውስጥ በሥራም በትክክለኛነትም የምንመርጠው የጁቬንቱስን 21 ቁጥር ነው። ዚዳን ከፈረንሳዩ ክለብ ቦርዶ ወደ ጁቬንቱስ ከተማ ቱሪን የሄደው በ1996 ነው። 10 ቁጥር የዴል ፒዬሮ ስለነበር 21ን ወሰደ፣ እስከ 2001 ድረስም ለብሶት ቆየ። በዚህ ማልያ የ1996/97 እና የ1997/98 የጣሊያን ሊግ ዋንጫን አንሥቷል። በ1996 መጨረሻ ቶኪዮ ላይ የአርጀንቲናው ሪቨር ፕሌት በአህጉራት ዋንጫ 1 ለ 0 ሲሸነፍም ነበረበት። በዚሁ ማልያ ሁለት የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ተሸንፏል፤ በ1997 ሙኒክ ላይ በዶርትሙንድ 3 ለ 1፣ በ1998 አምስተርዳም ላይ በሪያል ማድሪድ 1 ለ 0። የዓለም ዋንጫውን በወሰደበት በ1998 የባሎን ዶር ሽልማት ሲቀበል የዚህ ክለብ ተጫዋች ነበር። ዚዳን በፍጥነቱ ሳይሆን ኳሱን በሚቀበልበት የመጀመሪያ ንክኪው ተከላካይን የሚጥል ተጫዋች መሆኑ ለዓለም የታየው በእነዚያ አምስት ዓመታት ነው ብለን እናምናለን። የማድሪዱ ማልያ ብቻ ተሽጦ የጁቬንቱሱ ሲቀር ቅር የሚለን ለዚህ ነው።

ልክ የሆነው ቅጂ የካፓ ምልክት አለው፤ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው። ከ1996 እስከ 1998 ላለው ማልያ ደረቱ ላይ ያለው ስፖንሰር ሶኒ ነው። ሎቶ ከሆነ የመጨረሻው የ2000/01 ዓመት ነው፤ ልክ ነው ግን ዋንጫ የለበትም። ናይኪ ክለቡን ማልበስ የጀመረው በ2003፣ አዲዳስ በ2015 ስለሆነ በእነዚህ ላይ «ዚዳን 21» ብሎ ማተም ታሪክን ማጣመም ነው። በ2017 የወጣው የ«ጄ» ፊደል አርማ ያለበትም እንደዚያው። ስፌቱን ለመመዘን ጎኑን ተመልከቱ፦ የፊትና የኋላ ጥቁር ሸንተረሮች በብብት ሥር ባለው ስፌት ላይ ቢያንስ ተቀራርበው መሄድ አለባቸው። ርካሹ ላይ አንዱ ሸንተረር በስፌቱ ተቆርጦ ስለሚቀር ማልያው ሲለበስ ወደ አንድ ወገን የዞረ ይመስላል። እዚህም ጥቁሩን በሶፍት ፈትኑት፤ ግራጫ ከለቀቀ ነጩ አይተርፍም።

የሪያል ማድሪድ 5 ቁጥር ላይ ስሕተቱ ብዙ ነው። ዚዳን በ2001 በወቅቱ የዓለም ሪከርድ በሆነ ዋጋ ማድሪድ ሲገባ 10 ቁጥር የፊጎ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጨዋታ ያቆመው ማኑኤል ሳንቺስ የተወውን 5 ቁጥር ወሰደ። ስለዚህ «ዚዳን 10» የተባለ የማድሪድ ማልያ የለም፤ ሻጩ ምንም ቢል አትቀበሉት። ገዢው ሁሉ የሚፈልገው ግንቦት 15 ቀን 2002 ግላስጎ ሃምፕደን ፓርክ ላይ ባየር ሌቨርኩሰን ላይ የተቆጠረውን ጎል ነው፦ ሮቤርቶ ካርሎስ ወደ ሰማይ የሰደዳት ኳስ ስትወርድ ዚዳን ጠብቆ በግራ እግሩ ሳያሳርፍ መታት። ራውል ለማድሪድ፣ ሉሲዮ ለሌቨርኩሰን አስቆጥረው ስለነበር ያቺ ጎል ጨዋታውን 2 ለ 1 አድርጋ ዋንጫውን ሰጠች። ቀኝ እግረኛ መሆኑን ስታስቡ ደግሞ ይበልጥ ትገርማለች።

ታዲያ «የግላስጎው ነው» ተብሎ የሚሸጠው ማልያ ደረቱ ላይ በትልቁ ሲመንስ ሞባይል ይላል። ሲመንስ የመጣው በሚቀጥለው፣ በ2002/03 ዓመት ነው። ስለዚህ ያ ማልያ ዋጋ የለውም ማለት ሳይሆን ስሙ ተሳስቷል፦ ማድሪድ የስፔን ሊግን የወሰደበት፣ ዚዳን በ2003 የፊፋ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የተባለበት ጊዜ ነው። በዚያ ስም ከተሸጠ ጥሩ ማልያ ነው። የግላስጎውን የሚፈልግ የሲመንስ ስም የሌለበትን ይጠይቅ። ከክለቡ አርማ ሥር ስሙና «2001-2006» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሌላ ዓይነትም ይገኛል። ይህ የፈጠራ ሥራ አይደለም፤ ግንቦት 7 ቀን 2006 ከቪያሪያል ጋር 3 ለ 3 በተጠናቀቀው የመጨረሻው የበርናባው ስታዲየም ጨዋታው ላይ መላው ቡድን የለበሰው ነው። ጽሑፉ በጥልፍ ከሆነ ይበረክታል፣ በቪኒል ከታተመ ግን ፊደሉ ትንንሽ ስለሆነ ቀድሞ ይነሣል።

ነጭ ማልያ ጎንደር ላይ ሌላ ጣጣ አለው። አቧራው ኮሌታ ላይ ይይዛል፣ ሰውም ለማንጣት በረኪና ይጨምርበታል። በረኪና ፖሊስተርን ነጭ አያደርገውም፤ ቢጫ ያደርገዋል፣ የቪኒሉንም ማጣበቂያ ይበላል።

የፈረንሳይ የ2006 ነጭ ማልያ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ሐምሌ 9 ቀን 2006 በርሊን ላይ ከጣሊያን ጋር የተደረገው ፍጻሜ ነው። ዚዳን በ7ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምቱን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ሰደዳት፣ የላይኛውን ብረት መትታ መስመር አለፈች። በ110ኛው ደቂቃ የጣሊያኑን ተከላካይ ማቴራዚን በግንባሩ መትቶ በቀይ ካርድ ወጣ፣ የእግር ኳስ ሕይወቱም በዚያ አበቃ። ጣሊያን በመለያ ምት 5 ለ 3 አሸነፈች። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ግን የእሱ ነበር፣ ይገባውም ነበር። ማልያው አዲዳስ፣ አንድ ኮከብ፣ 10 ቁጥር ነው። ጎንደር የሚመጣው ቅጂ ስስ ስለሚሆን ውስጡ ነጭ ካናቴራ ካልተደረገ ያሳያል።

የቦርዶውና የመጀመሪያ ክለቡ የካኑ ማልያ ከገበያው የሉም ማለት ይቻላል። ለቦርዶ ከ1992 እስከ 1996 ተጫውቷል፣ ቡድኑን ለ1996ቱ የዩኤፋ ዋንጫ ፍጻሜ አድርሶ በባየርን ተሸንፏል። ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ደረቱ ላይ ነጭ የ«ቪ» ቅርጽ ያለው ማልያ ካጋጠማችሁ ሁለተኛ አታገኙትምና በደንብ አገላብጡት።

መጠን ስትመርጡ በፊደሉ አትተማመኑ። ከእስያ የሚመጣው «ኤል» ብዙ ጊዜ የእኛ «ኤም» ነው። ከቤት የሚስማማችሁን ቲሸርት ዘርግታችሁ ከብብት እስከ ብብት ለኩ፤ ለዘጠናዎቹ ማልያ በዚያ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ፣ ያኔ ሰፋ ተደርጎ ይለበስ ነበርና። ሜትር ይዞ መግባት ነውር አይደለም። ዋጋው በድርድር ስለሆነ ስሕተቱን ማወቅ ራሱ ያግዛል፦ «ወንድሜ፣ ይሄ ኮከብ በ98 አልነበረም» የተባለ ሻጭ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ባዶውን ማልያና ኅትመቱን ለየብቻ ተደራደሩ፤ አንድ ላይ ሲሆን የቪኒሉ ጥራት ይቀነስባችኋል።

ኅትመቱ ካለቀ በኋላ 24 ሰዓት ሳይሞላ ውኃ አይንካው። ስታጥቡት ገልብጡት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጥቂት ላርጎ ጨምራችሁ ከ15 ደቂቃ በላይ ሳትዘፈዝፉ በእጅ እሹት፤ ቁጥሩን በብሩሽ መፈተግ ወይም ጠምዝዞ መጭመቅ አይሆንም። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች፤ ከሰዓት በፊት ብቻ ተሰጥቶ የዋለ ሰማያዊ ማልያ ትከሻው ላይ ቶሎ ይገረጣል። ገልብጣችሁ ጥላ ላይ ስቀሉት። በክረምት ቤት ውስጥ ሲሰጣ ቶሎ ስለማይደርቅ እጥፋቱ ላይ እንዳይሸት እጅጌዎቹን ዘርጉ። ካውያ ቁጥሩን በቀጥታ መንካት የለበትም፤ ግድ ከሆነ በውስጥ በኩል፣ በጥጥ ጨርቅ ላይ፣ በዝቅተኛ ሙቀት።

ለልጅ የምትገዙ ከሆነ ቁጥሩን ለአዋቂ በተቆረጠው መጠን አታሳትሙ። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ጀርባ ላይ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁጥር ግማሹ ቁምጣው ውስጥ ይገባል፤ ከ16 እስከ 18 ይበቃል፣ ስሙም ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ይውረድ። ማተሚያው ቤት አዲስ ለመቁረጥ ትንሽ ተጨማሪ ሊጠይቅ ስለሚችል ሒሳቡን አስቀድማችሁ ጨርሱ።